የ12 ሳንቲም መጽሔትና የአፍሪካው ንጉሥ

ለልጆች መጫወቻ ተብሎ የሚታተም ወረቀት ሁሉ ከቁም ነገር የማይገባ ተራ ነገር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ በሥዕል ያየውን ነገር ጎልምሶም አይረሳውም። የፈረሰኛውን ጊዮርጊስን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየ ያደገ ሰው፥ ዘንዶ ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣለት ያው በልጅነቱ ያየው ዘንዶ ነው። እንግዲህ ለልጅ የሚሣል ሥዕል ይህን ያኽል ሥር የሚሰድ ከሆነ፥ ማን ምን አድርጎ እንደ ሣለለት መጠየቅ የወላጅም የአስተማሪም ግዴታ ነው።

ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሣው በአሜሪካ አገር ታትሞ በ12 ሳንቲም ይሸጥ የነበረ አንድ ባለ ሥዕል መጽሔት ነው። ስሙ «ፋንታስቲክ ፎር» ይባላል፤ በአማርኛ «አራቱ ድንቆች» ብንለው ያስኬዳል። ቁጥሩ 52 ሲሆን በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ጊዜ ጁላይ 1966 ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት አስቀድመን እንናገር፤ በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፥ ስለ አድዋ ከምናነሣው በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቃሉን የጻፈው ስታን ሊ፥ ሥዕሉን የነደፈው ጃክ ከርቢ፥ ንድፉን በቀለም ያወጣው ጆ ሲኖት ነው፤ አሳታሚው ደግሞ ማርቭል የሚባለው ድርጅት ነበር። ከብዙ ሺሕ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት መካከል ይህን መርጠን ማንሣታችን፥ በታላላቆቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች ዘንድ ከሰው የላቀ ኃይል ያለው ጥቁር ጀግና ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ ቁጥር ስለ ሆነ ነው። ጀግናውም ስደተኛ ወይም አሽከር ሳይሆን የአፍሪካ ንጉሥ ነው።

አራቱ ድንቆች ከ1961 ጀምሮ ታሪካቸው ሲታተም የቆየ ጓደኛሞች ናቸው። አለቃቸው ሪድ ሪቻርድስ የሚባል ሊቅ ሲሆን ሰውነቱ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ሚስቱ ሱ ከዓይን ትሰወራለች፤ ወንድሟ ጆኒ እሳት ሆኖ ይበራል፤ ወዳጃቸው ቤን ግሪም ደግሞ አካሉ እንደ ዐለት ጠጥሮ ክንዱ ግንብ ያፈርሳል። ከሌሎቹ የመጽሔት ጀግኖች የተለዩት በኃይላቸው ብዛት አይደለም፤ እንደ ማንኛውም ቤተ ሰብ ስለሚጨቃጨቁና ስለሚታረቁ ነው። ስለዚህም የአሜሪካ ልጆች እንደ ዘመድ ይወዷቸው ነበር። ይህን የተወደደ ቤተ ሰብ ወደ አፍሪካ ወስዶ በአንድ አፍሪካዊ ማሸነፍ በ1966 ቀላል ድፍረት እንዳልነበረ አንባቢ ልብ ይበል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በካርታ ላይ የሌለ ዋካንዳ የሚባል የአፍሪካ መንግሥት አለ። ንጉሡ ትቻላ መልእክተኛ ልኮ ለአራቱ ድንቆች አንዲት የምትበር መርከብ በስጦታ ይሰጣቸዋል። መርከቢቱ አሜሪካኖቹ ከሚያውቁት የላቀች ስለ ሆነች ሊቁ ሪድ ራሱ ይደነቅባታል። ቤን ግሪም ግን ከታርዛን ፊልም አምልጦ የመጣ ሰው ይህን የመሰለ መሣሪያ ከየት አገኘው እያለ ያሾፋል። የጆኒን የትምህርት ቤት ጓደኛ ዋያት ዊንግፉትን ጨምረው ወደ ዋካንዳ ይበራሉ። እዚያ ሲደርሱ ጫካ መስሎ የሚታየው ሁሉ ጫካ አይደለም፤ ግንዱም፥ ሐረጉም፥ አበባውም በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ነው። ንጉሡም የግስላ መልክ ያለው ልብስ ለብሶ፥ ፊቱን ሸፍኖ፥ አንድ ባንድ ያጠምዳቸው ጀመር። የሚበረውን እሳት እሳት ከማይበላው ስፍራ ይዘጋበታል፤ ከዓይን የተሰወረችውን ሴት በጠረኗ ተከትሎ ያገኛታል፤ ግንብ የሚያፈርሰውንም በጉልበት ሳይሆን በብልሃት ያደክመዋል።

በመጨረሻ የተሸነፈው ግን ንጉሡ ነው። የረታው ከአራቱ ድንቆች አንዱ ሳይሆን አምስተኛው እንግዳ ዋያት ዊንግፉት ሆነ። ዋያት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነው፤ ከሰው የተለየ ኃይል የለውም፤ ንጉሡም ከቁጥር አላገባውም ነበር። ያልተቆጠረው እንግዳ ጓደኞቹን ፈትቶ ሲለቅ አደኑ ያከትማል። ትቻላም መሸነፉን ሳያፍር አምኖ ፊቱን ይገልጣል። እንግዶቹን ያጠመዳቸው ጠልቷቸው እንዳልሆነ፥ ከሚጠብቀው ከባድ ጠላት ጋር ከመግጠሙ በፊት ራሱን ሊፈትን እንደ ሆነ ይነግራቸዋል።

የጠላቱ ማንነት በተከታዩ በቁጥር 53 ይገለጣል። በዋካንዳ ቫይብራኒየም የሚባል፥ ድምፅንና ንዝረትን ውጦ የሚያስቀር ማዕድን አለ። ክሎው የሚባል ነጭ ማዕድኑን ሊወስድ ከነታጣቂዎቹ መጥቶ የትቻላን አባት ንጉሥ ትቻካን ይገድላል። ሕፃኑ ትቻላ የገዳዩን የራሱን መሣሪያ አንሥቶ ያባርረዋል። ከዚያ በኋላ ማዕድኑን ጥቂት ጥቂቱን ለሳይንስ ድርጅቶች እየሸጠ ሀብት ያከማቻል፤ ከታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ገብቶ ይማራል፤ ተመልሶም አገሩን በመኪናና በጥበብ ያስታጥቃል።

የዚህን ታሪክ ክብደት ለመመዘን ከእርሱ በፊት ምን እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። የታርዛን ታሪክ ከ1912 ጀምሮ ከመጽሔት ወደ መጽሐፍ፥ ከመጽሐፍ ወደ ሲኒማ እየተላለፈ ዓለምን አዳርሷል። በዚያ ታሪክ የአፍሪካ ጫካ ጌታ በጫካ ያደገ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ነው፤ አፍሪካዊው ግን ዕቃ ተሸካሚ፥ ወይም የሚሸሽ፥ ወይም ጦር ይዞ ከቁጥቋጦ የሚወጣ ስም የለሽ ሰው ነው። በ12 ሳንቲሙ መጽሔት ውስጥ የቤን ግሪም ፌዝ የተጻፈው ያን የለመደውን አንባቢ አፉን እንዲይዝ ለማድረግ ነው። ፌዙ ከአንባቢው ልብ ወጥቶ በቤን አፍ ይነገራል፤ ቀጥሎም የሚመጣው ገጽ ሁሉ ለፌዙ መልስ ይሰጣል።

ስለዚህ እኛ በዚህ ቁጥር የምናመሰግነው ሦስት ነገር አለ። አንደኛው፥ ስጦታው የሄደው ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ መሆኑ ነው። እርዳታ ከወዲያ ወደዚህ ብቻ ይመጣል ተብሎ በሚታሰብበት ዓለም፥ ባለ ጸጋው አፍሪካዊ፥ ተቀባዩ አሜሪካዊ ሆኖ ታይቷል። ሁለተኛው፥ ንጉሡ በአስማት ሳይሆን በትምህርትና በዝግጅት ማሸነፉ ነው፤ የእያንዳንዱን እንግዳ ኃይል አስቀድሞ አጥንቷል። ሦስተኛው፥ በሠራው አደን ውስጥ እንኳ የተናቀ ሰው እንዳለና የተናቀው ሰው እንደሚረታ ማሳየቱ ነው። ትልቅ ሰው ታናሹን ከቁጥር ሲያጎድል ሥራው እንደሚበላሽበት ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

ዘመኑንም እንይ። በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አውጀዋል። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚሁ አዲስ አበባ ተመሥርቷል። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተንን ጎብኝተው፥ በኅዳር ወር ደግሞ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ከዓለም መሪዎች ጋር ሲሄዱ የአሜሪካ ሕዝብ በቴሌቪዥን ተመልክቷል። በአሜሪካ ውስጥም የሲቪል መብት ሕግ በ1964፥ የምርጫ መብት ሕግ በ1965 ወጥቷል። ይህን የምናነሣው ደራሲዎቹ ከእነዚህ ነገሮች ቀድተዋል ለማለት አይደለም፤ የአፍሪካ ንጉሥ በክብር ቆሞ ማየት ለአሜሪካዊው አንባቢ በዚያ ሰዓት ፍጹም እንግዳ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ጃክ ከርቢም በኋለኛው ዕድሜው፥ በሥዕሎቹ ውስጥ ጥቁር ሰው አለመኖሩን ስለ ተገነዘበ ይህን ጀግና እንደ ፈጠረ ተናግሯል።

ማዕድኑ ራሱም ከእውነት የራቀ አይደለም። በ1945 በጃፓን ላይ ለተጣለው አቶሚክ ቦምብ ከዋለው ዩራኒየም ብዙው የወጣው በኮንጎ ከሺንኮሎብዌ ጉድጓድ ነው፤ የኮንጎ ሕዝብ ግን ከዚያ ያገኘው ጥቅም የለም። ክሎው የሚባለው ሌባ በወረቀት ላይ የተፈጠረ ሰው ቢሆንም፥ ሥራው አፍሪካ በሚገባ የምታውቀው ሥራ ነው።

ይህን ካመሰገንን በኋላ ጉድለቱን ደግሞ እንናገር፤ ምስጋና ብቻ የሚያበዛ ሰው ወዳጅ አይባልም። የመጀመሪያው ጉድለት የዋካንዳ ሀብት ከአንድ ድንጋይ መምጣቱ ነው። አገሪቱ ያደገችው ገበሬዋ ስለ ደከመ፥ አንጥረኛዋ ስለ ተራቀቀ፥ ነጋዴዋ ስለ ወጣ ስለ ወረደ አይደለም፤ ከምድሯ የተገኘ ተአምረኛ ማዕድን ስላላት ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ለልጅ የሚነግረው ዕድል እንጂ ሥራ ያከብራል ብሎ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ከንጉሡ በቀር ሰው አለመኖሩ ነው። አስተዋዩ፥ ፈልሳፊው፥ ተዋጊው እርሱ ነው፤ ሕዝቡ ይሰግዳል፥ ይጨፍራል፥ ይታዘዛል፤ የአገሩ ሴቶች አሳብ ምን እንደ ሆነ አንባቢ አይሰማም። ሦስተኛውም፥ ዋካንዳ ክብሯን የጠበቀችው ከዓለም ዓይን ተሸሽጋ መሆኑ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚናገረው አለው። በቅኝ ያልተገዛ የአፍሪካ መንግሥት ለአሜሪካዊው ልጅ ልብ ወለድ ነበር፤ ለእኛ ግን የአያቶቻችን ታሪክ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተገኘው ድል የተገኘው በመሸሸግ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ተጻጽፈዋል፥ ተዋውለዋል፥ ጠመንጃ ገዝተዋል፤ ውሉ ሲዛባም ዓለም እየሰማ እምቢ ብለዋል። የዘመተውም አንድ ጀግና ብቻ አይደለም። ከየአውራጃው የመጣው ሕዝብ ስንቁን ተሸክሞ፥ በእግሩና በበቅሎው ስንት ተራራ አልፎ ነው። በመቀሌ ምሽግ የነበረው የጠላት ጦር የሚጠጣበት ምንጭ እንዲያዝ ያደረጉት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። የነብር ለምድ የለበሰና የአንበሳ ጎፈር የደፋ አርበኛም በዚያ አልጠፋም፤ ነገር ግን ድሉ የልብሱ ሳይሆን የሕብረቱ ነበር። ዋካንዳን ከአድዋ አጠገብ አድርገን ስናያት፥ የወረቀቷ መንግሥት ውብ ብትሆንም ሕዝብ የጎደላት ሆና እናገኛታለን።

ይህ ጉድለት ከየት መጣ ብንል፥ ከደራሲዎቹ ክፋት አይደለም። ስታን ሊና ጃክ ከርቢ ሁለቱም ከምሥራቅና ከመካከለኛው ኤውሮፓ ወደ ኒውዮርክ ከተሰደዱ ድኾች አይሁድ የተወለዱ ሰዎች ናቸው፤ መናቅን ያውቁታል። አፍሪካን ግን አያውቋትም። ስለማያውቁት አገር በአክብሮት መሣላቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ሆኖም አክብሮት ዕውቀትን አይተካም። የሌላው ቸርነት የሠራልን መልክ የቱንም ያኽል ቢያምር የተዋሰነው ልብስ ነው፤ አንዱ ጋ ይጠብቃል፥ አንዱ ጋ ይሰፋል።

ለመሆኑ ጥቁሮች ራሳቸውን ለመሣል አልሞከሩም ነበርን? ሞክረዋል። ኦሪን ኤቫንስ የሚባል ጥቁር ጋዜጠኛ በ1947 በፊላደልፊያ ከተማ «ኦል ኔግሮ ኮሚክስ» የሚባል መጽሔት አሳተመ። ጸሐፊዎቹም ሠዓሊዎቹም ጥቁሮች ነበሩ፤ ዋጋው 15 ሳንቲም ነበር። በውስጡም «ላየን ማን» የሚባል የተማረ ጥቁር ጀግና በጎልድ ኮስት፥ ማለት በዛሬዪቱ ጋና፥ ዩራኒየም ያለበትን ተራራ ከሌቦች ሲጠብቅ ይታያል። ከዋካንዳ 19 ዓመት አስቀድሞ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ሁለተኛው ቁጥር ተሰናድቶ ሳለ ግን ለኤቫንስ የማተሚያ ወረቀት የሚሸጥለት ነጋዴ ጠፋ፤ መጽሔቱም በአንድ ቁጥር ቀረ። እንግዲህ አሳቡ ነበረ፥ ብዕሩም ቀለሙም ነበረ፤ የጎደለው ወረቀት ነው። ስለ ራሱ እንዳይናገር የተደረገ ሕዝብ ሁሉ የሚናገረው ስለሌለው ዝም አለ ማለት ትክክል አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

የግስላው ንጉሥ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ባለቤቶቹ እጅ ቀስ በቀስ ደርሷል። በ1966 ጥቅምት «ብላክ ፓንተር» የሚባለው የጥቁሮች ፓርቲ በኦክላንድ ሲመሠረት ከመጽሔቱ ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም፤ ነገር ግን ስሙ አንድ ስለ ሆነ አሳታሚዎቹ ሠግተው በ1972 ጀግናውን ለጥቂት ጊዜ «ጥቁር ነብር» አሉት። በ1970ዎቹ ዓመታት ቢሊ ግርሃም የሚባል ጥቁር ሠዓሊ ሥዕሉን ሠራ። በ1998 ክሪስቶፈር ፕሪስት፥ በ2016 ታነሂሲ ኮትስ የተባሉ ጥቁር ደራሲዎች ታሪኩን ጻፉት። በ2018 ራያን ኩግለር ያዘጋጀው ፊልም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገቢ አስገኝቶ፥ በ2019 ሦስት የኦስካር ሽልማት ተቀበለ። ከሦስቱ አንዱን በልብስ ሥራ ያገኘችው ሩት ካርተር በዚያ ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። በ1966 ድምፃቸው ያልተሰማው የዋካንዳ ሴቶች በፊልሙ ውስጥ ጦር ሲመሩና መሣሪያ ሲፈለስፉ መታየታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዕሩ እጅ ሲለውጥ የሚታየውም ነገር ይለወጣል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ሌላ ትምህርት አለ፤ እርሱም የሠዓሊው ድካም ነው። ጃክ ከርቢ የሚከፈለው በሣለው ገጽ ልክ ነበር፤ ጀግኖቹ የድርጅቱ ንብረት ሆነው ቀሩ። እርሱ በ1994 ከሞተ በኋላ ልጆቹ ከአሳታሚው ጋር በፍርድ ቤት ተከራክረው የታረቁት በ2014 ነው። ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚያውቀውን መልክ በእጁ የነደፈ ሰው፥ ስሙና ድርሻው በጊዜው በውል ካልተጻፈለት የመጨረሻው ሙግት ለልጆቹ እንደሚተርፍ አሳታሚዎቻችን ያስቡበት።

በአገራችን ታሪክን በተከታታይ ሥዕል መተረክ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የቅዱሳንን ገድል በግድግዳ ላይ በተራ በተራ ሲሥሉ ኖረዋል። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በጨርቅ ላይ፥ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ከፍለው፥ በየሥዕሉ አጭር ቃል እየጻፉ የሚሠሩት ሠዓሊዎች ያደረጉት ያው አሜሪካኖቹ ኮሚክ ብለው የሚጠሩትን ነው። ልዩነቱ፥ የእኛው ሥዕል ለእንግዳ መታሰቢያ ተሸጦ ወደ ውጭ መሄዱ፥ የእነርሱ ግን በርካሽ ታትሞ በልጅ ሁሉ እጅ መግባቱ ነው። በ2018 «ጀምበር» የተባለ የኢትዮጵያዊ ልዕለ ኃያል ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መውጣቱ ደስ የሚያሰኝ ጅምር ነው፤ አንድ ጀምበር ግን ዓመቱን ሙሉ አያሞቅም።

ስለዚህ አሳባችንን በግልጽ እንናገራለን። ለልጆቻችን የባዕዱን መጽሔት መከልከል መፍትሔ አይደለም፤ ቢከለከልም በስልክ መስታወት ላይ ያገኘዋል። መፍትሔው አጠገቡ የራሱን ማኖር ነው። ደራሲው ሠዓሊውን ይፈልገው፤ አሳታሚው ለሁለቱም በውል ይክፈላቸው፤ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚያሳፍር ነገር እንደ ገዛ ሳይሰጋ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይግዛ፤ በአማርኛም በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎችም ይታተም። የሚሣለውም ጀግና ብቻውን የቆመ ንጉሥ ብቻ አይሁን። መንገድ የሚሠራውን፥ በሽተኛ የሚያስታምመውን፥ እርሻውን የሚያለማውን፥ ያልተቆጠረውን እንግዳ ጭምር የሚያስቆጥር ታሪክ ይሁን።

ሁለት የኒውዮርክ ሰዎች አይተዋት የማያውቋትን አፍሪካ በ12 ሳንቲም ወረቀት ላይ ንጉሥ አድርገው አስቀምጠዋታል። ለዚህ ምስጋናችን ይድረሳቸው። ንጉሡ ግን ሕዝብ ያስፈልገዋል፤ ያን ሕዝብ መሣል የሚችለው አብሮት የሚኖር ሰው ነው።